ማትሪክና እንግሊዝኛ በወለጋ ከተሞች

በማትሪክ ሰሞን ነቀምቴን ያየ ሰው ያውቀዋል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተማሪ ተሰልፎ ይቆማል። ከሚባዛው ወረቀት አብዛኛው የድሮ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። ፊደሉ ከመባዛት ብዛት ደብዝዞ፣ ዳር ዳሩ ተቆርጦ፣ አንዳንዱም ጥያቄ አራተኛው ምርጫ ጠፍቶበት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። መልሱን በእርሳስ ያከበበው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ትክክል ይሁን ስሕተትም አይታወቅም። ግን ይሸመደዳል። እኔም ሸምድጄዋለሁ።

ስሙስ ቢሆን የሚገርም ነው። የጥንቱ ማትሪክ ቀርቶ በ1993 ዓ.ም. የአሥረኛ ክፍል፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መግቢያው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተተክቷል። የአሥረኛውም በበኩሉ ቀርቷል። «ማትሪክ» የሚለው ቃል ግን ከሰው አፍ አልወጣም። ያልወጣው ፍርሃቱ ስላልወጣ ይመስለኛል። የፍርሃቱም ግማሽ እንግሊዝኛ ነው።

ለመሆኑ የወለጋ ልጅ ወደ ትምህርት ለመግባት በእንግሊዝኛ በር ማለፍ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? በሩስ እንዲህ የጠበበው ለምንድን ነው? ይህን ለመመለስ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ብዙዎቻችን የምንረሳው ነገር አለ። በነቀምቴ ዘመናዊ ትምህርት የተጀመረው በእንግሊዝኛ አልነበረም። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጥቶ፣ በስዊድን ሚስዮን ቤት የተማረ ሰው ነው። ከአስቴር ጋኖ ጋር በምጽዋ አቅራቢያ በሞንኩሎ ሆነው የኦሮምኛ ማንበቢያ አዘጋጁ። ማንበቢያው እ.ኤ.አ. በ1894፣ ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ታተመ። ሁለቱም በኢትዮጵያ ፊደል ናቸው። ኦኔሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ገብቶ፣ በደጃዝማች ኩምሣ ሞረዳ ግዛት ሲያስተምር ኖረ፤ በ1923 ዓ.ም. ሰኔ ወር እዚያው አረፈ። እነኦኔሲሞስ የውጭ ቋንቋ አያውቁም ነበር እንዳንል ያውቃሉ። ያደረጉት ግን የውጭውን ዕውቀት ወደ ልጁ አፍ ማምጣት ነበር። የኛ ዘመን ትምህርት የተጓዘው በተቃራኒው ነው፤ ልጁን ነው ወደ ዕውቀቱ ቋንቋ የሚነዳው።

እንግሊዝኛ ወደ ወለጋ በሌላ በኩል ገባ። እ.ኤ.አ. በ1919 የአሜሪካን ሚስዮን ከዶክተር ላምቢ ጋር ሳዮ፣ የዛሬው ደምቢ ዶሎ፣ ደረሰ። ሕክምናውና ትምህርቱ ጎን ለጎን ሄዱ። ከቦጂ በኩል ደግሞ የአማኑኤል አብርሃም ታሪክ አለ። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት አማኑኤል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። እዚያ ገብተው እንግሊዝኛ ተማሩ፤ ኋላም አሰበ ተፈሪ ላይ የትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኑ። በ1927 ዓ.ም. ገደማ ሐኪም ወርቅነህ የለንደን ሚኒስትር ሆነው ሲሄዱ አማኑኤል የለጋሲዮኑ ጸሐፊ ሆነው ተከተሏቸው። ጣሊያን አገራችንን ሲወር የኢትዮጵያ አቤቱታ ከሚጻፍበት ጠረጴዛ አንዱ ላይ የቦጂ ልጅ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። እንግሊዝኛው ለወሬ ማሳመሪያ አልነበረም። ሥራ ነበረው።

ከነጻነት በኋላ የእንግሊዝኛ ክብር ከፍ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ሆነ። ዩኒቨርሲቲው በእንግሊዝኛ ካስተማረ ማትሪኩም በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ ማትሪኩ በእንግሊዝኛ ከጠየቀ የነቀምቴ፣ የጊምቢ፣ የነጆ፣ የሻምቡ ተማሪም በዚያው ይማራል። ሰንሰለቱ ከላይ ወደ ታች የተጎተተ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ እንዲሆን ሲወሰን ደግሞ ጉዳዩ ተደራረበ። የወለጋው ልጅ ቤቱ ኦሮምኛ ይናገራል፣ ስድስት ዓመት በአማርኛ ይማራል፣ ሰባተኛ ክፍል ሲገባ ሳይንሱም ሒሳቡም ወደ እንግሊዝኛ ይገለበጥበታል። ሸዋ ያለው የአማርኛ ተናጋሪ አንድ ወንዝ ሲሻገር እሱ ሁለት ይሻገራል። ማዶ የሚጠብቃቸው ፈታኝ ግን አንድ ነው።

በ1955 ዓ.ም. መባቻ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን መጡ። የመጀመሪያው ቡድን ወደ ሦስት መቶ የሚጠጋ ነበር፤ አብዛኞቹም በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደቡ። ሕንዳውያን መምህራንም ነበሩ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየአገሩ እየሄዱ እንዲያስተምሩ ተደረገ። ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ጎበዞቹን እየመረጠ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አዲስ አበባ የሚያስተምር በዕደ ማርያም የሚባል ትምህርት ቤትም ነበር።

ይህን ዘመን የሚያስታውሱ አንድ የሰፈራችን ጡረተኛ መምህር አሉ። ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ሄጄ ጠየቅኳቸው።

«ኦቦ፣ እርስዎ ለማትሪክ እንግሊዝኛ እንዴት ነበር የተዘጋጁት?»

ሣቁብኝ። «እኛ መቼ ተዘጋጀን ልጄ? ስናነብ ነው የከረምነው።»

አሜሪካዊው መምህራቸው አገሩ ሲገባ ጥሎላቸው የሄደውን መጻሕፍት ተራ በተራ እንዳነበቡት አጫወቱኝ። እኔ ደግሞ በቅናት «የናንተ ጊዜ እንዴት ጥሩ ነበር!» ስል ቆጣ አሉ። «እሱን ተወው! ከኔ ጋር ፊደል ከቆጠሩት ልጆች ስንቱ ለማትሪክ ደረሰ ብለህ ለምን አትጠይቀኝም? ሌላው ከብት ጠባቂ ሆኖ ቀረ። የቀረነው ጥቂት ስለሆንን መጽሐፉ በቃን» አሉኝ።

ይህ አነጋገራቸው ከብዙ የታሪክ መጽሐፍ ይበልጥብኛል። «ድሮ እንግሊዝኛ ይችሉ ነበር» እያልን የምናወራው በሩ ለጥቂት ሰው ብቻ ተከፍቶ ስለነበረ ነው። በሩ ለብዙኃኑ ሲከፈት መጽሐፉና መምህሩ አብሮ አልበዛም።

አብዮቱ መጣ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። የሰላም ጓዱ መምህራንም በ1969 ዓ.ም. ጨርሰው ሄዱ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን ጨምሮ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ብዙ ሕዝብ ማንበብና መጻፍ አስተማረ። መልካም ሥራ ነበር። ይሁንና ገበሬው በቋንቋው ፊደል ሲቆጥር የልጁ ማትሪክ ያው በእንግሊዝኛ ነበር። በአዲስ አበባ የመንግሥት ስም ይቀየራል እንጂ የፈተናው ቋንቋ አልተቀየረም።

በጥቅምት 1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ እንዲጻፍ ተወሰነ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ የአንደኛ ደረጃው በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሆን አደረገ። በኦሮሚያ እስከ ስምንተኛ ክፍል በኦሮምኛ፣ ከዘጠነኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሆነ። የእነኦኔሲሞስ ሐሳብ ከዘጠና ዓመት በኋላ ተመለሰ ማለት ይቻላል። አንዳንድ ሰው «ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ እንግሊዝኛ ይቀላል» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ግን የተማረበት ይንገራችሁ። በቁቤ «ሲ» የምትባለዋ ፊደል «ጭ» ናት፤ «ኤክስ»ም «ጥ» ናት። ስለዚህ ትንሹ ልጅ የእንግሊዝኛውን ድመት «ጨት»፣ ሣጥኑንም «ቦጥ» ብሎ ያነባል። ይህ የሞኝነት ምልክት አይደለም፤ ልጁ የተማረውን ሕግ በትክክል ነው የሠራበት። ይህን ልዩነት ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው መምህር ካገኘ በሳምንት ይለየዋል። ካላገኘ ዓመታት ይከተለዋል።

ስምንት ዓመት በኦሮምኛ ያሰበ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ምን ያገኛል? በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ያገኘው ፕላዝማ ነበር። ደቡብ አፍሪቃ የተዘጋጀ ትምህርት ከቴሌቪዥኑ ውስጥ በፈጣን እንግሊዝኛ ይወርዳል። «አስር ሰከንድ አለህ፣ መልስ» ይላል፤ ልጁ ጥያቄውን ሳይረዳ መልሱ ይነገራል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ትምህርቱም ጠፋ። አስተማሪው አጥፍቶ እንዳይገልጽ መርሐ ግብሩ አያቆምለትም፤ ፕላዝማ እጅ የሚያነሣ ተማሪ አያይማ!

እንግዲህ ወደ ፈተናው እንምጣ። ማትሪክ ላይ እንግሊዝኛ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ፊዚክሱም ባዮሎጂውም ታሪኩም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። ከአያቱ ስለ አድዋ የሰማ፣ ስለ ጣሊያን ጊዜ ከጎረቤቱ የሰማ ልጅ፣ ታሪኩን እያወቀ በጥያቄው መጨረሻ ያለችውን «ኤክሴፕት» የምትል ቃል ባለማስተዋሉ ይስታል። ፈተናው የለካው ታሪክ ማወቁን ነው ወይስ «ኤክሴፕት»ን? ስለዚህ ለእንግሊዝኛው ክፍል መዘጋጀት ለሁሉም መዘጋጀት ነው፤ በእንግሊዝኛ የወደቀ በሁሉም ይወድቃል።

የዚህ ሁሉ ክብደት ጎልቶ የታየው በ2008 ዓ.ም. ነበር። ከኅዳር ወር ጀምሮ ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ ኦሮሚያን ሲያዳርስ በወለጋም ትምህርት ለወራት ተቋረጠ። ሰው ሞተ፣ ተማሪ ታሰረ። ፈተናው ግን በቀኑ ይሰጣል ተባለ። ያልተማረ ልጅ እንዴት ይፈተን የሚል ጥያቄ ተነሣ፣ ሰሚ አላገኘም። ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. ፈተናው ሊጀመር ሲል የተሰረቀው ወረቀት በማኅበራዊ ሚዲያ ተበተነ። የወጣው ወረቀት የእንግሊዝኛው ነበር። ከሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ በላይ ተማሪ የሚጠብቀው ፈተና በአገር ደረጃ ተሰረዘ፤ በሐምሌ ወር ሌላ ተዘጋጅቶ ተሰጠ። ፈተና መስረቅ ጥሩ ነው አልልም። ዓመት ሙሉ ሲያጠና የከረመውንም ጎድቷል። ነገር ግን ያ ቀን አንድ እውነት አጋልጧል። ለሁሉም እኩል የተባለው ወረቀት እኩል ያልሆነ ዓመት ላሳለፉ ልጆች ነበር የተዘጋጀው።

ከዚያ ወዲህም የወለጋ ተማሪ አላረፈም። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ተከትሎ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። በጦርነቱ ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከረሙ። የ2014 ዓ.ም. ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ሲጀምር በአገሪቱ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ሆነ። ኩረጃው ሲቆም እውነቱ ታየ የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ግን የታየው እውነት የተማሪው ስንፍና ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። የታየው ከላይ የቆጠርነው የመቶ ዓመት ሒሳብ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እንግሊዝኛን እንጥላ የሚል አለ። እኔ አልስማማም። አማኑኤል አብርሃም በቦጂ ቢቀሩ ኖሮ ለንደን ላይ የሚጽፍ አይኖርም ነበር። እንግሊዝኛን ብቻ እናንግሥ የሚልም አለ። በዚህም አልስማማም፤ ነቀምቴ መጀመሪያ የተማረችው በራሷ ቋንቋ ነውና። የሚያስፈልገው ድልድይ ነው፦ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ሳይንሱን በሁለቱም ቋንቋ የሚያስለምድ፣ የቁቤውንና የእንግሊዝኛውን ፊደል ልዩነት ገና ከጅምሩ የሚያስረዳ፣ የቃላት መፍቻው በኦሮምኛ የተጻፈ መጽሐፍ።

ይህ የመንግሥት ሥራ ነው ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንዳንቀመጥ ግን የራሳችን ድርሻ አለ። ከዚህ ግቢ ያለን የወለጋ ልጆች ክረምት ሲመጣ ወደየከተማችን እንበተናለን። በ1957 ዓ.ም. ተማሪው አንድ ዓመት ሙሉ ሰጥቷል፤ እኛ ስምንት ሳምንት መስጠት እንዴት ያቅተናል? አሮጌ ወረቀት ይዘን «መልሱ ይህ ነው» ለማለት ሳይሆን፣ አንድ አጭር ምንባብ ከአሥር ልጆች ጋር ቁጭ ብለን ለማንበብ። መልሱ ለምን ያ እንደሆነ፣ ሌሎቹ ሦስቱ ለምን እንዳልሆኑ ለመነጋገር። ክርክሩ በኦሮምኛ ቢሆን ምን ይጎዳል? ገብቶት የተከራከረበትን ልጅ አይረሳውም።

ጡረተኛውን መምህር ስሰናበት የመጽሐፍ መደርደሪያቸውን አሳዩኝ። ከጥንቶቹ መጻሕፍት የቀሩት አራት ናቸው። «ሌሎቹስ ኦቦ?» አልኳቸው።

«ሰጥቼ ነዋ! መጽሐፍ ተቀምጦ ምን ይሠራል?» አሉኝና አንዱን አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። «አንብበህ ስትጨርስ ለኔ እንዳትመልስ። ለሚፈተን ልጅ ስጥ።»

ገና አልጨረስኩትም። ሐምሌ ላይ ግን አብሮኝ ነቀምቴ ይገባል።