የዓሊ ቢራ የእርጅና ዜማ

ድሬዳዋን ያየ ሰው የቀፊራን ገበያ አይዘነጋም። ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ስፍራ በደረሰ ጊዜ ከተማዪቱ ተቈረቈረች፤ ከዚያም ወዲህ ሐዲዱ ያመጣው እንግዳና ከገጠር የሚወርደው ባላገር በቀፊራ እየተገናኙ በኦሮምኛ፥ በሶማልኛ፥ በሐረሪ፥ በዐረብኛና በአማርኛ ሲገበያዩ ኖረዋል። ከዚህች ከተማ የተገኘ ዘፋኝ በብዙ ልሳን ቢያዜም አያስደንቅም። እንዲህ ያለው ሰው ዓሊ መሐመድ ሙሳ፥ በዝናው ስም ዓሊ ቢራ ነው።

ዓሊ በ1940 ዓ.ም. ድሬዳዋ ተወለደ። ገና ብላቴና ሳለ «አፍረን ቀሎ» ከተባለው የኦሮምኛ ኪነት ጓድ ገባ። በኦሮምኛ «ቢራ» ማለት ክረምቱ አልፎ ሰማዩ የሚጠራበት ወራት ነውና፥ ይህን ወራት ያወደሰበት የመጀመሪያ ዘፈኑ የዘለዓለም ስሙን ሰጠው። ጓዱ በመንግሥት ዘንድ በበጎ ዓይን ስላልታየ ተበተነ፤ ዓሊ ግን ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ በክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል አገለገለ። ዑድና ጊታር እየመታ ቋንቋውን በሸክላ አስቀረጸ፤ በኋላም ለብዙ ዘመን በባዕድ አገር ተቀመጠ።

ስለ እርጅናው ሥራ ግን የተነገረው ጥቂት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2013 የወጣትነት ሸክላዎቹ ተሰብስበው በፈረንሳይ አገር በሚታተመው «ኢትዮጲክስ» በተባለው ተከታታይ 28ኛ ቅጽ ወጡ። በዚህ ጊዜ ሽማግሌው ራሱ በሕይወት ነበረ፤ ያንኑ የጥንት ዜማም በመድረክ ይጫወት ነበር። አድማጭ ሁሉ ሁለቱን ማስተያየት ጀመረ፤ ብዙውም ለወጣቱ ፈረደ። እኛም ከዚህ ጥፋት ንጹሓን አይደለንም፤ ሽማግሌው ሲያዜም የልጅነቱን ድምፅ ስንጠብቅ፥ በፊታችን ያለውን ሳንሰማ ቀርተናል።

ቈይተን ስናስተውለው ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘነው። ወጣቱ ዓሊ ድምፁን እንደ ፈረስ ያስጋልባል፤ ሽማግሌው ልጓሙን ይዞ በርጋታ ያስሄዳል። ትንፋሹ ባጠረ ቍጥር ቃሉ ይከብዳል። በጕብዝና የፍቅር ብቻ ይመስለን የነበረው ዘፈን፥ ስደትን ካየ ሰው አፍ ሲወጣ የአገር ናፍቆትም ሆኖ ይሰማል። ዜማው ያው ነው፤ ዕድሜ የጨመረበት ትርጕም ነው።

ዓሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዳማ ዐረፈ፤ በድሬዳዋም ተቀበረ። ወሩ ስሙን ያገኘበት የቢራ ወራት ነበረ። ከዚህ የምንማረው ትምህርት አንድ ነው፦ ያረጀ ከያኒን ያለፈ ወጣትነቱን መልስ ብለን አናስጨንቀው፤ ዕድሜው ያስተማረውን በሕይወቱ ሳለ ቀርበን እንስማው። ካለፈ በኋላ የሚደረግ አድናቆት ለእኛ ቍጭት፥ ለእርሱ ግን ከንቱ ነውና።