ከጋቢና ጀርባ ያለው ቤት

በጭነት መኪና ላይ ቤት መሥራት ዛሬ በዩቲዩብ የሚታይ የወጣቶች መዝናኛ መስሏል። ኮምፔንሳቶ፣ ፎም፣ ላሜራ፣ አንድ አልጋ፣ ወደ ጋቢና የሚያሾልክ ቀዳዳ፤ በቃ። የአሜሪካን ታሪክ ገልጦ ላየ ሰው ግን ይህ ቤት ሁለት አባት አለው። አንዱ ሽርሽር ነው፣ ሌላው ረሃብ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሽርሽሩ ቀድሟል። በ1910 ፒርስ አሮው የተባለው ኩባንያ ወንበሩ ተዘርግቶ አልጋ የሚሆን፣ የእጅ መታጠቢያም ያለው መኪና ኒውዮርክ ላይ አሳየ። ባለቤቱ ከኋላ ሆኖ ሹፌሩን የሚያነጋግርበት ስልክ ሳይቀር ተገጥሞለታል። ጌታና ሹፌር በአንድ ቀዳዳ እንዲገናኙ ማን ይፈልጋል?

ረሃቡ የመጣው በ1930ዎቹ ነው። ድርቅና የአቧራ ማዕበል ከኦክላሆማ፣ ከካንሳስና ከቴክሳስ ያፈናቀላቸው ገበሬዎች በአሮጌ መኪና ላይ ፍራሽና ምድጃ ጭነው፣ ሸራ ወጥረው ወደ ካሊፎርኒያ ነጎዱ። ያ ቤት ብርድ መከላከያ የሚባል ነገር አልነበረውም። በየካቲት 1936 የሎስ አንጀለስ ፖሊስ አዛዥ ጄምስ ዴቪስ 136 ፖሊሶችን ወደ ክልሉ ድንበሮች ልኮ ገንዘብ የሌለውን መንገደኛ አስመለሰ። ፍሬድ ኤድዋርድስ የተባለ ሰው ደግሞ ሥራ የሌለውን የሚስቱን ወንድም ከቴክሳስ በመኪናው ስላመጣ ብቻ ተፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን በሙሉ ድምፅ የሻረው በ1941 ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ፎምም አብሮ መጣ። ዳው ኩባንያ ስታይሮፎም ያለውን ምርት የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች መጀመሪያ የፈለጉት ለሕይወት አድን ታንኳ ነበር። ከሰላም በኋላ ግድግዳ ውስጥ ገባ። በ1939 የእነዚያን ስደተኞች መከራ በልብ ወለድ የጻፈው ጆን ስታይንቤክ በ1960 እሱ ራሱ ፒክአፕ ላይ ቤት አስጭኖ፣ በዶን ኪሆቴ ፈረስ ስም ሮሲናንቴ ብሎ ሰይሞ፣ ከውሻው ጋር አገሩን ዞረ። ሁለቱ አባቶች በአንድ ሰው ዕድሜ ተገናኙ ማለት ነው።

ወደ ጋቢና የምታሾልከው ቀዳዳ ቀላል ነገር አይደለችም። ብርድ ሲሆን፣ ሌሊት ደግሞ አደጋ ሲመጣ፣ ውጭ ሳይወርዱ መሪው ጋ መድረስ ማለት ናት። ችግሩ ጋቢናው በጎማ ትራስ ላይ ተቀምጦ ለብቻው ይወዛወዛል፤ ሻንሲው ደግሞ በኮረኮንች ላይ ይጠማዘዛል። ሁለቱን በብየዳ አጣብቆ የሰነጠቀበት ብዙ ነው። መፍትሔው እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ የጎማ መተላለፊያ ነው። ፎሙም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው፦ የተኛ ሰው ትንፋሽ በቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ውኃ ይሆንና እንጨቱን ያበሰብሳል፤ አየር ማስወጫ ከሌለ ደግሞ ጭስ ይገድላል። ከሰል ለኩሶ በር ዘግቶ መተኛት የሚያመጣውን የእኛ ሰው አሳምሮ ያውቀዋል።

የአሜሪካ መንግሥት ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ለከባድ መኪና ሹፌር በሕግ ደንግጎታል። ከ1963 ወዲህ የተሠራ የሹፌር መኝታ ወደ ጋቢና የሚያስወጣ፣ ቢያንስ 91 ሳንቲሜትር ስፋትና 46 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው ክፍተት ሊኖረው ይገባል፤ በቂ አየርም ማግኘት አለበት። እቃ የሚያመላልስ ሰው እንቅልፉ የተጠበቀ ነው። ቤት ኪራይ ስላልቻለ መኪናው ውስጥ የሚተኛውስ?

ሎስ አንጀለስ በ1983 መኪና ውስጥ መኖርን ከለከለች። ደንቡ ድሃውን ከሽርሽረኛው ለይቶ ለመቅጣት በር የሚከፍትና ግልጽነት የሌለው ነው ብሎ የይግባኝ ፍርድ ቤት የጣለው በ2014፣ ከ31 ዓመት በኋላ ነው። አሥር ዓመት ቆይቶ በሰኔ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ ግራንትስ ፓስ ለተባለች የኦሬገን ከተማ ፈረደላት፤ ቤት የሌለው ሰው ውጭ በማደሩ ቢቀጣ ሕገ መንግሥቱ አይከለክልም አለ። ያኔ የከተማዋ ደንብ «ማደሪያ» ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ መኪና ነበረበት። ቅጣቱ ከ295 ዶላር ይጀምር ነበር፤ ካልተከፈለ 537 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይደርስ ነበር።