ተፈሪ፤ ከሰው ስም ወደ ከተማ ስም

በሙያችን ምክንያት ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ የተመላለስን ሁሉ፣ ከሚኤሶ ቆላ ወጥተን ወደ ጨርጨር ደጋ ስንቃረብ የምናገኛትን ከተማ እናውቃታለን። በእጃችን ያለው ካርታ የቆየ ከሆነ «አሰበ ተፈሪ»፣ አዲስ ከሆነ «ጪሮ» ይላል። የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ስለ ምን ሁለት ስም እንዳላት ለመረዳት፣ አስቀድሞ «ተፈሪ» የሚለውን የሰው ስም መመርመር ያስፈልጋል።

የስሙ ሥር «ፈራ» የሚለው ግስ ነው። ይህም በግዕዝ «ፈርሀ» ሲሆን፣ በአማርኛ የተዋጠው «ሀ» «ፈሪሃ እግዚአብሔር» በሚለው አነጋገር ውስጥ እስከ ዛሬ ይሰማል። «ፈሪ» ማለት የሚፈራ ሰው ነው፤ በፊቱ «ተ» ሲጨመርበት ግን ትርጓሜው ተገልብጦ፣ ሌላው የሚፈራውና የሚያከብረው ማለት ይሆናል። «ተፈራ» የተፈጸመ ነገርን ሲናገር፣ «ተፈሪ» ጸንቶ የሚኖር ጠባይን ያመለክታል። ስለዚህ ወላጅ ገና በእግሩ ላልቆመ ሕፃን ይህን ስም ሲያወጣ፣ ማንም እንዳይደፍረው መመኘቱ ነው።

ልዑል ራስ መኰንን የሐረር ገዥ ሳሉ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በእጀርሳ ጎሮ የተወለዱት ልጃቸው በዚህ ስም ተጠሩ። እንደ አገሩ ልማድ የክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ፣ የፈረስ ስማቸውም አባ ጠቅል ነበር። ደጃዝማች ተፈሪ በ1902 ዓ.ም. በሐረር ተሾሙ፤ በ1909 ዓ.ም. ራስና አልጋ ወራሽ፣ በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ ሆኑ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ግን በክርስትና ስማቸው ነው። ከዚያ ወዲህ የልደት ስማቸው ከዙፋኑ ወርዶ በሌላ ስፍራ መኖር ጀመረ።

ከነዚህም ስፍራዎች አንዷ የጨርጨሯ ከተማ ናት። አውራጃውን ለሌሎች አርአያ እንዲሆን ተብሎ ካስተዳደሩት ሰዎች መካከል፣ በሩሲያ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩትና የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ይገኙበታል። የከተማዪቱ ስም አገባብም ልብ ሊባል ይገባዋል። በአማርኛ ግስ በመጨረሻ ስለሚመጣ «ተፈሪ አሰበ» መባል በተገባው ነበር። ነገር ግን እንደ ግዕዝ ወግ፣ እንደ «አስፋ ወሰን»ም ሁሉ፣ ግሱ ቀደመ። «አሰበ» የሚለው ቃል ከግዕዙ «ሐሰበ» የመጣ ሲሆን፣ ሐሳብንና ሒሳብን ይዛመዳል። «አስበ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ከግዕዙ «ዐስብ» ጋር አያይዞ «የተፈሪ ዋጋ» ብሎ ሊያነበው ይችላል። በሁለቱም ንባብ ከተማዪቱ የአንድ ሰው ሥራ ሆና ተቈጥራለች።

ኢጣልያኖችም ይህን ስም ሳያስተውሉት አልቀሩም። በወረራው ዘመን «አስባ»ን ትተው «ተፈሪ»ን በመፋቅ፣ በፋሺስቱ ዓርማ ስም «አስባ ሊቶሪያ» አሏት። የቀድሞው ስም የተመለሰው ከድል በኋላ ነው። በአንጻሩ ከባሕር ማዶ በጃማይካ፣ ከዘውዱ በፊት የነበረው «ራስ ተፈሪ» የሚለው መጠሪያ የአንድ እምነት ስም ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲደርሱ፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ በአውሮፕላን ማረፊያው ተቀበላቸው። መፈራትን የሚያመለክተው ቃል በዚያ የተስፋ ቃል ሆኖ ነበር።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ በኋላም በኦሮሚያ ክልል አስተዳደር ጪሮ የሚለው ስም የከተማዪቱ የመንግሥት መጠሪያ ሆነ። ይህም የአካባቢው ኦሮምኛ ተናጋሪ ሕዝብ የሚጠራበት ስም ስለሆነ ተገቢ ስፍራውን አግኝቷል።

ለእኛ ለባለሙያዎች ግን አንድ ተግባር ይቀራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መዝገብ ቤት የጪሮን የቀድሞ የቅየሳ ሰነድ ጠይቄ «የለም» ተብዬ ተመልሼ ነበር። በማግሥቱ «አሰበ ተፈሪ» ብዬ ስጠይቅ፣ ከዚያው መደርደሪያ ተነሥቶ ተሰጠኝ። ስሙ ባይታወሰኝ ኖሮ የተለካውን መሬት እንደገና እንለካ ነበር። ስለዚህ በሥዕሎቻችንና በዘገባዎቻችን ጪሮን አስቀድመን የቀድሞውን ስም በቅንፍ እናስከትል። ይህን የምናደርገው ያለፈውን አገዛዝ ለማንገሥ ሳይሆን፣ ከእኛ በፊት የደከሙት የሠሩት ሥራ ከስሙ ጋር እንዳይጠፋ ነው።