የመንገደኛ ስንቅ፤ ወደ ባዕድ አገር ከመሄድ በፊት ስለሚደረግ ዝግጅት ታሪካዊ ቅኝት

በቦሌና በአካባቢው ባሉ ቤቶች፣ ከቤተሰቡ አንዱ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ በሆነ ጊዜ፣ በጉዞው ዋዜማ አንድ የታወቀ ሥርዓት ይፈጸማል። ሚዛን ከጎረቤት ይመጣል፤ ሻንጣው ይመዘናል፤ ከ23 ኪሎ ያለፈ እንደሆነም ይከፈትና ከበርበሬው፣ ከሽሮው፣ ከድርቆሹ ጥቂት ጥቂት ይቀነሳል። እናት የወጣውን አንሥታ ማንም ሳያያት በጎን ኪስ መልሳ ትወሽቃለች፤ ሻንጣውም እንደገና ይመዘናል። ባደግሁበት በገርጂ ሰፈር ይህን ሁኔታ ከልጅነቴ ጀምሮ ብዙ ጊዜ ተመልክቻለሁ። ያለ ስንቅ መንገደኛን መሸኘት በባህላችን ነውር ነው። ይሁን እንጂ ተጓዡ በሚደርስበት አገር ምን ሠርቶ እንደሚያድር፣ የተማረው ሙያ እዚያ በምን መለኪያ እንደሚመዘን፣ የሥራ ፈቃዱን ማን እንደሚሰጠው በዚያ ምሽት የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም።

የመጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ ወደ ውጭ አገር ከመሄድ በፊት ስለሚደረግ ዝግጅት እንድጽፍ በጠየቀኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብኩት ለባልደረቦች የሚጠቅም አንዳንድ ምክር ለመስጠት ነበር። ነገሩን ስመረምረው ግን ጉዳዩ የራሱ ታሪክ ያለው ሆኖ አገኘሁት። ከታሪኩም የተረዳሁት፣ በአገራችን ደኅና ዝግጅት ሲደረግለት የኖረው ተመልሶ እንዲመጣ የታሰበው መንገደኛ መሆኑን ነው። ለመኖር ወይም ለእንጀራ የሚሄደው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተነሣው ሻንጣውን ብቻ ይዞ ነው።

ያለ አንዳች ዝግጅት ወደ ባዕድ አገር በመወሰድ ረገድ ጎልቶ የሚታየው የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ዕጣ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀች ጊዜ ሕፃኑን የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ሕንድ ወሰዱት። እዚያው አድገው፣ ሕክምና ተምረው፣ በሙያቸውም አገልግለው ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ ትውልድ አገራቸው ሲመጡ፣ አማርኛው ጠፍቷቸው ስለ ነበር ከወገኖቻቸው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። ሳይዘጋጁ መሄድ ብቻ ሳይሆን ሳይዘጋጁ መመለስም ከባድ መሆኑን የእርሳቸው ታሪክ ያስረዳል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ዝግጅት ማለት አጃቢ ማግኘት ማለት ነበር ቢባል ከእውነቱ የራቀ አይሆንም። የሙያ ባልደረባችን የነበረው የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በሸዋ የንጉሡ አገልጋይ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ጉግሣ ዳርጌ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስና ኪታው ዘአማኑኤል ለትምህርት ወደ ስዊስ ተላኩ። ከሦስቱ አፈወርቅ ቀደም ሲል በኢጣሊያ ሥዕል የተማሩ ስለ ነበሩ አውሮፓን ያውቋት ነበር፤ የሌሎቹ ግን የመጀመሪያ ጉዟቸው ነበር። ከዐድዋ ድል በኋላም ገና ልጅ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከሩሲያዊው ሌዎንቲዬፍ ጋር ወደ ሩሲያ ሄዱ። ቋንቋውንም፣ ብርዱንም፣ የመድፈኛነትንም ትምህርት የተማሩት እዚያው ደርሰው ነው። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኒሁ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለው ፍሬ ግን ከሰውየው ብርታት የተገኘ እንጂ ከዝግጅቱ የተገኘ አይደለም።

ዝግጅት በሥርዓት መልክ የያዘው ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱ በኋላ ነው። በ1901 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈቱ ፈረንሳይኛ ዋነኛ የትምህርት ቋንቋ ሆነ። ተማሪው ከአገሩ ሳይወጣ የሚሄድበትን አገር ቋንቋ ይይዝ ነበር። ከእነዚያም ተማሪዎች ብዙዎቹ አውሮፓ ከመግባታቸው በፊት እስክንድርያ በሚገኙት የፈረንሳይና የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ጥቂት ዓመታት ያሳልፉ ነበር። እስክንድርያ እንደ መሸጋገሪያ ድልድይ ሆና አገልግላለች፤ ባሕር ሳይሻገሩ የባሕር ማዶን ኑሮ ማየት ይቻልባት ነበርና። ወደ አሜሪካ የተላኩት ግን ይህን ዕድል አላገኙም። መላኩ በያን በኦሃዮ በሚገኘው በመስኪንገም ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በሃዋርድ ዩኒቨርስቲ ተምረው በ1927 ዓ.ም. በሐኪምነት ተመረቁ። በቆዳ ቀለም የተከፋፈለውን የአሜሪካን ኑሮ የተማሩት እዚያው እየኖሩበት ነው፤ በኋላም በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ለኢትዮጵያ ድጋፍ የማሰባሰብ ሥራቸው በዚሁ እውቀት ላይ የተመሠረተ ነበር።

ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ሚኒስቴርን ሥልጣን ራሳቸው ይዘው ለብዙ ዓመታት ቆይተዋል፤ ወደ ውጭ የሚላኩትም ሆነ የሚመለሱት ተማሪዎች ቤተ መንግሥት ቀርበው እጅ ይነሡ ነበር። ይህን ልማድ እንደ ሥነ ሥርዓት ብቻ አንመልከተው። ተሸኚው የሚጠብቀው ሰው እንዳለ፣ ሲመለስም ቦታ እንዳለው ያውቅ ነበር። አብዛኞቹም ተመልሰዋል።

ወደ ሰፈሬ ወደ ቦሌ ልመለስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ አውሮፕላኑን የሚያበሩትም የሚጠግኑትም የቲ ደብልዩ ኤ ባልደረቦች የሆኑ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። የሚኖሩበት ውል ኢትዮጵያውያንን አሠልጥነው እንዲተኩ የሚያደርግ ነበር። በ1949 ዓ.ም. ግድም ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የንግድ አውሮፕላን አዛዥ ሆኑ፤ በ1963 ዓ.ም. ግድም ደግሞ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅነት ወደ ኢትዮጵያዊ እጅ ገባ። የልደታ ሜዳ ጄትን ለማስተናገድ የማይበቃ በመሆኑ የቦሌ ማኮብኰቢያ ተሠራ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ አውሮፕላን ለመነሣት ከቆላ ይልቅ ረዘም ያለ መንደርደሪያ ያስፈልገዋል። ይህን የምጠቅሰው ለሙያው ካለኝ ፍቅር ነው፤ ይሁንና ለተጓዡም የሚስማማ ይመስለኛል። በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ቦይንግ 720 ጄቶች ሲገቡ፣ ለማኮብኰቢያው፣ ለአብራሪውና ለቴክኒሺያኑ የሚያስፈልገው ሁሉ አስቀድሞ ተሰልቶ ነበር።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው የመንግሥት የትምህርት ዕድል መንገድ ነው። ወደ ሶቪየት ኅብረት የሄዱ አንጋፋ ባልደረቦቻችን እንደሚያስታውሱት፣ ማንም ተማሪ በቀጥታ ወደ ምሕንድስና ክፍል አይገባም ነበር። አንድ ሙሉ ዓመት በመሰናዶ ፋኩልቲ ተቀምጦ ሩሲያኛን፣ ከዚያም የሒሳብንና የፊዚክስን ቃላት በሩሲያኛ ይማራል። በምሥራቅ ጀርመንም በላይፕዚግ የሚገኘው የሄርደር ኢንስቲትዩት ይህንኑ ያደርግ ነበር። በዚህ ረገድ የዚያን ዘመን አሠራር ሳላደንቅ አላልፍም፤ የቋንቋ ችግርና የሙያ ችግር የተለያዩ መሆናቸውን ለይቶ ያውቅ ነበርና። ሁለተኛው መንገድ በእግር ወደ ሱዳን የሚወስደው ነው። በዚያ የሄዱት በሌሊት የወጡ ስለሆኑ ስንቃቸው ጥቂት ቆሎ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 የስደተኞች ሕግ ካወጣች በኋላ፣ በዚያ ዐሥር ዓመት ውስጥ ከአፍሪካ ተነሥተው በዚያች አገር ከሰፈሩት ስደተኞች ከፍተኛውን ቁጥር የያዙት ኢትዮጵያውያን ናቸው።

ቀጥሎ የመጣው የዲቪ ዕጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ከ1995 ጀምሮ የሚወጣው ይህ ዕጣ ከአመልካቹ የሚጠይቀው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቅን ወይም በሙያ የሁለት ዓመት ልምድን ነው። መስፈርቱ ቀላል መሆኑ ብዙዎችን ጠቅሟል፤ ብዙዎችንም አታልሏል። ቪዛ ለማግኘት የሚበቃ ወረቀት ሥራ ለማግኘትም የሚበቃ መስሎ ታይቷቸዋልና።

በጣም የሚያሳዝነው ግን ወደ ዐረብ አገሮች ለቤት ሠራተኛነት የሚሄዱት እኅቶቻችን ታሪክ ነው። በ1990 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 104፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 632 ወጥተው የአገናኝ ኤጀንሲዎችን ሥራ ለመቈጣጠር ሞክረዋል። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ጉዞው ታገደ፤ ከኅዳር ጀምሮም በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመለሱ። በዚያ ወር እኔ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም በማይርቅ የግንባታ ቦታ አዲስ ምሩቅ የሳይት መሐንዲስ ነበርኩ። ተመላሾቹን የጫኑ አውቶቡሶች ሲያልፉ ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ይመለከት ነበር። ከወራት በኋላ ከእነርሱ አንዷ በእኛው ሳይት በቀን ሠራተኛነት ተቀጠረች። ሞርታር ስትሸከም ውላ በምሳ ሰዓት ያጫወተችኝን አልረሳውም። ሪያድ በደረሰችበት ማግሥት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ፊት አቁመዋት፣ ቁልፉን ባለማወቋ ብቻ ቀኑን ሙሉ ስትሰደብ ውላለች። ማሽን የሚባለውን ነገር ከዚያ በፊት በዓይኗ አይታው አታውቅም ነበር። ይህን ያህል ነገር እኮ ከመነሣቷ በፊት በአንድ ከሰዓት በኋላ ልናስተምራት እንችል ነበር።

የተጓዧን የሙያ ብቃት ማረጋገጫና ቢያንስ የስምንተኛ ክፍል ትምህርትን የጠየቀው አዋጅ ቁጥር 923 የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. ነው። ፊሊፒንስ ዜጎቿ ለሥራ ወደ ውጭ ከመሄዳቸው በፊት የገለጻ ትምህርት እንዲወስዱ ግዴታ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1983 ነበር። በመካከሉ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል፤ የዚህንም መዘግየት ዋጋ የከፈሉት በዚያን ጊዜ በአውቶቡስ ሲያልፉ ያየናቸው ናቸው።

ለመሆኑ እኛ የተማርነው ከእነርሱ የተሻለ ዝግጅት አለን? አብሮኝ የተመረቀ አንድ የስትራክቸር መሐንዲስ ወዳጄ በቦሌ መንገድ ዳር የቆሙ ሁለት ፎቆችን ነድፏል። ዛሬ በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ በሌሊት የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃል። ሥራው የሚያሳፍር አይደለም፤ ሆኖም የሄደው ለዚህ አልነበረም። በአሜሪካ የመሐንዲስነት ፈቃድ የሚሰጠው በየክፍለ ግዛቱ ያለ ቦርድ መሆኑን፣ 110 ጥያቄ ያለው የመሠረታዊ ምሕንድስና ፈተና መኖሩን፣ የሥራ ልምዱንም ፈቃድ ያላቸው መሐንዲሶች ሊመሰክሩለት እንደሚገባ ያወቀው ደርሶ ነው። ይዞት የሄደው የልምድ ደብዳቤ የደመወዙን ልክና መልካም ጠባዩን እንጂ የሠራውን አይገልጽም። ከሁሉ የባሰው ግን በአንድ የሥራ ቃለ መጠይቅ የደረሰበት ነው። ስለ ኮንክሪት ጥንካሬ ሲጠየቅ ‹‹ሲ-25›› ብሎ መለሰ። በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ሲ-25 የኪዩብ ጥንካሬ ነው፤ አሜሪካኖች የሚቈጥሩት የሲሊንደርን ነው። ያው ኮንክሪት በእነርሱ ሚዛን 20 ሜጋፓስካል ወይም 2,900 ፒ ኤስ አይ ገደማ ይሆናል። ወዳጄ ይህን ልዩነት በሚገባ ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን ‹‹ፒ ኤስ አይ›› እያለ አስቦ ስለማያውቅ በዚያች ደቂቃ አፉ ተያዘ።

እ.ኤ.አ. በ1989 ስድስት አገሮች የምሕንድስና ትምህርታቸውን እርስ በርስ እንዲቀባበሉ ተስማምተዋል፤ ስምምነቱ የዋሽንግተን ስምምነት ይባላል። ከዐሥር ዓመት በኋላ ደቡብ አፍሪካ ገብታበታለች። ከዚህ ክበብ ውጭ የተማረ መሐንዲስ እያንዳንዱን ኮርስ በየተራ ማስመዘን ይኖርበታል። ለዚህም የታሸገ ትራንስክሪፕትና የኮርሶቹ ዝርዝር ያስፈልገዋል። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የወጪ መጋራት ደንብ ስላለ፣ ዕዳውን ያልጨረሰ ምሩቅ ዋናውን ማስረጃ ለማውጣት አስቀድሞ መክፈል ይኖርበታል። እነዚህ ሁሉ አዲስ አበባ ተቀምጦ በአንድ ወር የሚያልቁ፣ ባሕር ማዶ ሆነው ሲጀምሯቸው ግን ዓመት የሚፈጁ ሥራዎች ናቸው።

አንዳንድ አንጋፋ አባላት ይህን ሲያነቡ፣ ማኅበራችን የሚሄደውን ማሰናዳት ከጀመረ የሚቀረውንም ማስኮብለል ነው ይሉ ይሆናል። ስጋታቸው መሠረት አለው፤ አገሪቱ በየዓመቱ ያስተማረቻቸውን ልጆች ስታጣ ማየት ያማል። ይሁን እንጂ ወዳጄ የሄደው ስለ ፈቃድ ቦርድ አውቆ አይደለም፤ ሳያውቅ ነው። ባለማወቁም አገሪቱ መሐንዲስ አጣች፤ የሄደበትም አገር መሐንዲስ አላገኘም። ነገሩን አልደብቅም፤ እኔም በመሳቢያዬ ውስጥ በስሜ የተዘጋጀ ፎልደር አለኝ። ዓመት ሙሉ ስከፍተውና ስዘጋው ቆይቻለሁ። ወረቀቶቹን ሳሰናዳ የሠራኋቸውን ሕንፃዎች በዝርዝር መጻፍ ስለ ነበረብኝ፣ እዚህ ያለኝን ምን ያህል እንደሆነ ያየሁትም በዚያው ነው። እስካሁን አልወሰንኩም።

ባለፈው ክረምት ወዳጄ ለመሠረታዊው ፈተና መመዝገቡን ገልጾ፣ የኮርሶቹን ዝርዝር እንድልክለት ለመነኝ። አምስት ኪሎ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አስገለበጥኩና አስማኅተምኩት። በዚያው ሳምንት እናቱ ሊጠይቁት ይሄዱ ነበር። በዋዜማው ከገርጂ በታች ባለው ቤታቸው ተገኘሁ፤ ሚዛን ከጎረቤት መጥቶ ሻንጣው ልክ 23 ኪሎ ሆኖ ተዘግቷል። ወረቀቱን ሳቀብላቸው ክብደቱን በእጃቸው ገመቱና ‹‹ምንድን ነው ልጄ ይህን ያህል?›› አሉኝ። የትምህርቱ ነው አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና ሻንጣውን አስከፍተው አንድ ኪሎ ሽሮ አወጡለት።