የክራር ድምፅና የፈራጆች ጆሮ



በምዕራብ አዲስ አበባ ያለው ሰፈር ጦር ኃይሎች ሲባል፣ ስሙ ለብዙ ሰው የሚያሳስበው ሰልፍንና መለከትን ነው። እውነትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ አርባዎቹን የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም ካስመጡ ወዲህ፣ የናስ ሙዚቃ የመንግሥት ክብር መግለጫ ሆኖ ጸንቶ ነበር። ነገር ግን ከዚያው ከሠራዊቱ፣ ከክብር ዘበኛ መካከል፣ ክራሩን ታቅፎ በለዘበ ድምፅ የሚያዜም ካሣ ተሰማ የሚባል ሰው ተገኘ።

እንዲህ ያለው ጸጥተኛ ዜማ በአገራችን እንዴት ተፈረደበት? በገና የንጉሥ ዳዊት ነው ተብሎ ሲከበር፣ ክራር የሰይጣን መሣሪያ ነው እየተባለ ይነቀፍ ነበር። ስለዚህ ፈራጁ የሚመረምረው ዜማውን ሳይሆን የባለሙያውን ማዕረግ ነበረ፤ «አዝማሪ» የሚለው ቃል ብቻውን ፍርዱን ይጨርሰዋል። ሴት ስትሆን ደግሞ ነቀፋው እጥፍ ይሆናል።

ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ይህን ነቀፋ ችለው ካለፉት አንዷ ናቸው። ሴት በመድረክ ላይ መታየቷ እንደ ነውር በሚቆጠርበት ዘመን በተዋናይነት ተነሥተው፣ በክራርና በዘፈንም ስማቸውን አስጠሩ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ በሚያዘጋጀው «ኤትዮፒክ» በተሰኘው የሸክላ ስብስብ ውስጥ፣ 16ኛው ክፍል በ2003 «ባለ ክራሯ እመቤት» ተብሎ በስማቸው ወጣ፤ 29ኛው ክፍል ደግሞ የካሣ ተሰማ ሆነ። ወይዘሮ አስናቀች በ2011 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ፤ ስለዚህ የባሕር ማዶው ምስጋና በሕይወት ሳሉ ደርሶላቸዋል።

የባዕድ አድማጭ ምስጋና የሚያስደስት ነው፤ ሆኖም ግማሽ ፍርድ ነው። እርሱ የትዝታን፣ የባቲን፣ የአምባሰልንና የአንቺ ሆዬን አምስት አምስት ድምፆች ይሰማል፤ የጣትን ቅልጥፍና፣ የድምፅን ልስላሴ ያደንቃል። ሰሙን አልፎ ወርቁን ለማግኘት ግን ቋንቋውን ማወቅ ያሻል። ክራር መቺ ዜማውን የሚያለዝበው ስለ ደከመ አይደለም፤ ግጥሙ እንዲሰማ ነው። አድማጩ ከስንኙ በታች የተቀበረውን ስላቅ፣ ናፍቆት ወይም ወቀሳ ፈልጎ ያገኝ ዘንድ ጊዜ ይሰጠዋል። መለከት ያዝዛል፤ ክራር ግን ያወያያል።

እንግዲህ፣ ክቡራን አንባብያን፣ የቀረው ግማሽ ፍርድ የእኛ ነው። ቀድሞ የባለሙያውን ማዕረግ አይተን ፈረድን፤ ዛሬ ደግሞ ባዕድ ስላመሰገነ ብቻ ብናመሰግን፣ ያው ሳያዳምጡ መፍረድ ነው። የቀድሞውን ቅኔያዊ ንግግር የሚፈቱ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በመካከላችን ሳሉ፣ ሸክላውን አብረን እናዳምጥ፤ ትርጓሜውንም ጠይቀን በጽሑፍ እናኑር። ሸክላ ድምፅን ያቆያል፤ ትርጉምን የሚያቆየው ግን የሚያስተውል ጆሮ ነውና።