በቤት የሚሠራ ኮምፒዩተር ታሪክና የክፍሎቹ አመራረጥ

በኤሌክትሮኒክስ ክበብ አባሎች

የትምህርት ቤታችን በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት እያንዳንዱ የተማሪዎች ክበብ አንድ ጽሑፍ እንዲያቀርብ በተነገረ ጊዜ፥ እኛ የምንጽፈው ነገር አልቸገረንም። ባለፈው ዓመት ከወላጆችና ከተማሪዎች ገንዘብ አሰባስበን፥ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ገዝተን፥ ለቤተ መጻሕፍቱ አንድ ኮምፒዩተር በገዛ እጃችን ገጣጥመናል። በዚህም ሥራ አንድ ጊዜ ክፉኛ ተሳስተን የሰው ገንዘብ አጥፍተናል። ከስሕተታችን በኋላ አስተማሪያችን፥ «ከእናንተ በፊት ይህን ሥራ የሠሩት ሰዎች ገንዘብ ሲያጥራቸው ምን እንደ መረጡና ምን እንደ ተዉ አጥንታችሁ ኑ» አሉን። ከዚያ ጥናት ያገኘነውን እነሆ ለውድ አንባብያን እናቀርባለን። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኮምፒዩተር በመጀመሪያ ዘመኑ የመንግሥታት፥ የዩኒቨርሲቲዎችና የታላላቅ ኩባንያዎች ንብረት ነበር። አንዱ መሣሪያ ብቻውን ሰፊ ክፍል ይሞላ ነበር፤ ዋጋውም ለአንድ ቤተሰብ ቀርቶ ለአንድ ትምህርት ቤት እንኳ የሚሞከር አልነበረም። ይህ ነገር መለወጥ የጀመረው በ1971 ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የስሌቱን ሥራ ከጥፍር በማትበልጥ አንዲት ቺፕ ላይ ጠቅልሎ፥ 4004 በሚል ስም ለገበያ ባቀረበ ጊዜ ነው። ዛሬ ፕሮሰሰር የምንለው ክፍል ይህ ነው። በ1974 ደግሞ ከዚያ ይልቅ ብርቱ የሆነው 8080 የተባለው ወጣ። ከዚያ ወዲያ ኮምፒዩተር የሚመኝ ሰው ጥያቄው «ማን ይሸጥልኛል?» መሆኑ ቀርቶ፥ «ምን ምን ክፍል ልግዛ?» ሆነ።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ሰው የሰማውን መልስ የሰጡት ሚስተር ኤድ ሮበርትስ ናቸው። እሳቸው በኒው ሜክሲኮ ግዛት፥ በአልበከርኪ ከተማ፥ ሚትስ የተባለች አነስተኛ ኩባንያ ነበረቻቸው። ኩባንያይቱ የሂሳብ ማሽን እየሠራች ትሸጥ ነበር፤ ነገር ግን ታላላቆቹ ፋብሪካዎች ዋጋ ስላወረዱባት በዕዳ ተይዛ ነበር። ስለዚህ ሚስተር ሮበርትስ ተስፋቸውን ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ጣሉ፤ ይኸውም ገዢው ራሱ በቤቱ የሚገጣጥመው ኮምፒዩተር ነው። አልቴር 8800 የተባለው ይህ መሣሪያ በጃንዋሪ 1975 በፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ። ዋጋው ሳይገጣጠም 400 ዶላር ያህል ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። በዚያን ጊዜ የ8080 ፕሮሰሰር ብቻውን በችርቻሮ 360 ዶላር ይሸጥ ነበር። ሚስተር ሮበርትስ በብዛት ለመግዛት ተዋውለው በ75 ዶላር አገኙት፤ ከዚያም በሌላው ሁሉ ቆጠቡ። አልቴር የጽሕፈት ቁልፎችም ሆነ ጽሑፍ የሚታይበት መስኮት አልነበረውም። ትእዛዝ የሚሰጠው በፊቱ የተደረደሩትን ማብሪያ ማጥፊያዎች ወደ ላይና ወደ ታች በማድረግ ሲሆን፥ መልሱም የሚነበበው ከትናንሽ ቀያይ መብራቶች ነበር። ራም የሚባለው የማስታወሻው ክፍል 256 ባይት ብቻ ስለ ሆነ የዚህን አንቀጽ ያህል ጽሑፍ እንኳ አይዝም። ሆኖም ሚስተር ሮበርትስ አንድ ነገር አልነፈጉትም፤ በውስጡ ተጨማሪ ክፍሎች የሚሰኩባቸው ቦታዎች ነበሩ። ባለቤቱ ዛሬ ያጣውን ነገ ገንዘብ ሲያገኝ ይጨምራል። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ይህን ጎዶሎ መሣሪያ ያዘዙት ስለዚህ ጭምር ነው።

ማርች 5 ቀን 1975 በካሊፎርኒያ፥ ሜንሎ ፓርክ በተባለ ከተማ፥ በሚስተር ጎርደን ፍሬንች የመኪና ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ያህል ሰዎች አልቴርን ለማየትና ለመወያየት ተሰበሰቡ። ማኅበራቸውም ሆምብሩ የኮምፒዩተር ክበብ ተባለ። ሆምብሩ ማለት እንደ እኛ ጠላ በቤት የተጠመቀ መጠጥ ነው። አባሎቹ በቤታቸው የሠሩትን ይዘው እየመጡ፥ ንድፉን ሳይደብቁ እርስ በርሳቸው ይማማሩ ነበር።

በዚያ ስብሰባ ከተገኙት አንዱ የሂሌት ፓካርድ ኩባንያ ሠራተኛ የነበሩት ወጣቱ ሚስተር ስቲቭ ዎዝኒያክ ናቸው። እሳቸው የራሳቸውን ኮምፒዩተር ለመሥራት ቢመኙም፥ የ8080 ዋጋ ከኪሳቸው በላይ ነበር። በሴፕቴምበር 1975 ግን ሞስ ቴክኖሎጂ የተባለ ኩባንያ በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገው የኤሌክትሮኒክስ ትርዒት ሰሞን 6502 የተባለ ፕሮሰሰር በ25 ዶላር ብቻ ሸጠ። በትርዒቱ አዳራሽ ውስጥ መሸጥ ስለ ተከለከለ ሽያጩ የተደረገው በሆቴል ክፍል ነበር። ብዙ ሰዎች እንዲህ የረከሰ ነገር ደህና ነገር ሊሆን አይችልም ብለው ተጠራጠሩ። ሚስተር ዎዝኒያክ ግን ዋጋውን ብቻ ሳይሆን አሠራሩን መርምረው ገዙት።

ከዚህ በኋላ ያደረጉት ምርጫ ለእኛ ታላቅ ትምህርት ሆኖናል። ለብቻው የሚገዛ መስኮት ውድ ስለ ሆነ፥ መሣሪያው ከተራ ቴሌቪዥን ጋር እንዲያያዝ አደረጉ። ለማስታወሻውም በሥራ ላይ ሳለ ያለማቋረጥ መታደስ የሚያስፈልገውን፥ ነገር ግን በጥቂት ቺፕ ብዙ የሚይዘውን ዓይነት መረጡ። ይህ ለሠሪው ተጨማሪ ድካም ነው፤ እሳቸው ግን በገንዘብ ፋንታ ድካማቸውን ከፈሉ። በ1976 ይህ ሥራ አፕል አንድ ተብሎ በ666 ዶላር ከ66 ሳንቲም ለሽያጭ ቀረበ። ሥራውን ለመጀመር ሚስተር ዎዝኒያክ የሂሳብ ማሽናቸውን፥ ባልደረባቸው ሚስተር ስቲቭ ጆብስ ደግሞ የቮልስዋገን መኪናቸውን ሸጡ። የተሠራው ቁጥር 200 ያህል ብቻ ነበር፤ ገዢውም ሣጥኑን፥ የጽሕፈት ቁልፎቹንና የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመሩን ራሱ ይፈልግ ነበር።

እስከዚህ ድረስ የአንዱ ፋብሪካ ክፍል ለሌላው ብዙ ጊዜ አይገጥምም ነበር። ይህን የለወጠው ኦገስት 12 ቀን 1981 አይ.ቢ.ኤም. ያወጣው የግል ኮምፒዩተር ነው። ታላቁ ኩባንያ ሥራውን ፈጥኖ ለመጨረስ ሲል ክፍሎቹን በገበያ ከሚገኙት መረጠ፤ ፕሮሰሰሩንም ከኢንቴል ገዛ። ይልቁንም የመሣሪያውን የኤሌክትሪክ ንድፍ በመጽሐፍ አሳትሞ ሸጠ፤ ሌሎች ሰዎች የሚሰካ ክፍል እንዲሠሩለት ፈልጎ ነበርና። ባዮስ የተባለው መነሻ ፕሮግራም ብቻ በሕግ የተጠበቀ ነበር። ኮምፓክ የተባለው ኩባንያ የአይ.ቢ.ኤም.ን ጽሑፍ ያላነበቡ ሠራተኞች ያንኑ ተግባር የሚፈጽም ሌላ ፕሮግራም እንዲጽፉ አድርጎ በ1983 ተመሳሳዩን መሣሪያ መሸጥ ጀመረ። በ1984 ደግሞ ፊኒክስ የተባለው ኩባንያ እንደዚሁ የተጻፈ ባዮስ ለሚፈልግ ሁሉ መሸጥ ስለ ጀመረ በሩ ተከፈተ። በ1995 ኢንቴል ኤ.ቲ.ኤክስ. የተባለውን መለኪያ አወጣ፤ በዚህም ክፍሎቹ ሁሉ የሚያርፉበት ማዘርቦርድ 305 በ244 ሚሊ ሜትር እንዲሆን፥ የብሎኖቹ ቦታና የኤሌክትሪኩ መሰኪያም የታወቀ እንዲሆን ተደረገ። ዛሬ በአንድ አገር የተሠራ ማዘርቦርድ በሌላ አገር በተሠራ ሣጥን ውስጥ የሚገጥመው በዚህ ዓይነቱ ስምምነት ነው።

ነገር ግን መቆጠብ ሁሉ ብልኀት አይደለም። ለዚህ ምስክር የሚሆነን በ1998 የሆነው ነው። በዚያ ዓመት በኤፕሪል ኢንቴል ሴሌሮን የተባለውን ርካሽ ፕሮሰሰር ሲያወጣ፥ ዋጋውን ለማውረድ ሁለተኛውን ካሽ ከነጭራሹ አስቀረው። ካሽ ማለት ፕሮሰሰሩ ደጋግሞ የሚፈልገውን ነገር በአጠገቡ የሚያኖርበት ማከማቻ ነው። ወጥ የምትሠራ ሴት ጨውና በርበሬውን ከምድጃው አጠገብ ታኖራለች እንጂ ለእያንዳንዱ ቁንጥር ወደ ጓዳ አትመላለስም። ካሽ የሌለው ሴሌሮን ግን ወደ ጓዳ ይመላለስ ስለ ነበር በብዙ ሥራ ላይ ዘገምተኛ ሆነ። በኦገስት ወር ኢንቴል ስሕተቱን አርሞ፥ 128 ኪሎ ባይት ካሽ ያለው ሴሌሮን 300ኤ የተባለውን በ149 ዶላር አወጣ። ከኮምፒዩተር ገጣጣሚዎች ብዙዎቹ ይህን ባለ 300 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር ከተሠራበት ልክ በላይ፥ በ450 ሜጋኸርዝ፥ ሊያሠሩት ቻሉ። በዚያው ሰሞን ባለ 450ው ፔንቲየም ሁለት 669 ዶላር ነበር። በመጀመሪያው ሴሌሮን የተቆረጠው አስፈላጊው ክፍል ነበር፤ በሁለተኛው ግን የተቆረጠው ትርፉ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ስሕተት እንመለስ። እኛ ይህን ታሪክ ሳናውቅ ገበያ ወጥተን የገንዘባችንን አብዛኛውን ክፍል በብርቱ ፕሮሰሰርና ባለ ቀለም መብራት በሆነ ባለ መስታወት ሣጥን ላይ አዋልነው። ሣጥኑ በጣም ያምር ነበር። በቀረችውም ጥቂት ገንዘብ ከአንድ ሱቅ የመጨረሻውን ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ገዛን። ይህ ክፍል ከግድግዳው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለውጦ ለሌሎቹ ሁሉ የሚያድል ነው። በላዩ 500 ዋት ተብሎ ተጽፎበታል፤ በእጅ ሲያዝ ግን ባዶ ቆርቆሮ ይመስል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ሄዶ ሲመለስ የፍንዳታ ድምፅ ሰማን፤ ክፍሉም በተቃጠለ ሽታ ተሞላ። ማዘርቦርዱም አብሮ ሞተ። አስተማሪያችን በጥንቃቄ ከፍተው ቢያሳዩን፥ ከአደጋ የሚጠብቁት ክፍሎች ሊገቡባቸው የተሰናዱት ቦታዎች ባዶ ነበሩ።

ያ ገንዘብ የእኛ አልነበረም። ከሰጡት መካከል በቤታቸው ኮምፒዩተር የሌላቸው፥ ከምሳቸው ቀንሰው ያዋጡ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። በወላጆች ስብሰባ ቆመን የሆነውን ሁሉ ተናገርን። ማንም አልተቆጣንም፤ አንዲት እናት ብቻ፥ «ልጆቼ፥ ምድጃው የተናጋ ከሆነ ድስቱ ቢያምር ምን ይረባል?» አሉን። ከቁጣ ይልቅ ይህ ቃል በልባችን ቀረ። በኋላም በታሪኩ ውስጥ ይህንኑ አገኘነው። በሌላው ሁሉ ሲቆጥቡ የነበሩት የአፕል ሰዎች በ1977 አፕል ሁለትን ሲያወጡ፥ ለፓወር ሰፕላዩ ግን ሚስተር ሮድ ሆልት የተባሉ መሐንዲስ አምጥተው ራሱን የቻለ ንድፍ አሠርተው ነበር።

ወላጆች እንደገና ጥቂት ረዱን፤ ሁለተኛውን ምርጫ በሌላ ሥርዓት አደረግነው። አስቀድመን መሣሪያው ለምን ሥራ እንደሚውል ጻፍን፤ ይኸውም ለንባብ፥ ለጽሕፈትና ለፕሮግራም ትምህርት ነው። ከዚያም በመጀመሪያ የገዛነው የታመነ ፓወር ሰፕላይና ኤሌክትሪኩን የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ሆነ። ባለ መስታወቱን ሣጥን ሸጥነው፤ በምትኩ ከአሮጌ ኮምፒዩተር የተረፈ ሣጥን ወሰድን፤ መለኪያው አንድ ስለ ሆነ ማዘርቦርዱ ልክ ገጠመ። ፕሮሰሰሩ ከአደጋው ስለ ተረፈና ሥዕል የሚያሳየው ክፍል በውስጡ ስላለ፥ ሌላ የሥዕል ካርድ አልገዛንም። ራሙን ባለ 8 ጊጋ ባይት አንድ ብቻ አድርገን ሁለተኛውን ቦታ ለወደፊት ተውነው፤ ሁለት አድርጎ ማጣመር እንደሚያፈጥን እናውቃለን፥ ነገር ግን የሚስተር ሮበርትስን ባዶ ቦታ አሰብን። ዲ.ዲ.አር. ሦስት የተባለው ራም በዲ.ዲ.አር. አራት ቦታ ስለማይገባ፥ ከመክፈላችን በፊት የማዘርቦርዱን መግለጫ ከራሙ ጋር አስተያየን። ለማከማቻ ብዙ የሚይዘውን ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ትተን፥ ጥቂት የሚይዘውን ፈጣኑን ኤስ.ኤስ.ዲ. መረጥን። መስኮቱም ከአንድ አስተማሪ ቤት የመጣ አሮጌ ቴሌቪዥን ነው።

ይህ መሣሪያ አያምርም። ነገር ግን ይህን ስንጽፍ በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ እየሠራ ነው፤ ተማሪዎችም በተራ ይቀመጡበታል። መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ዛሬም ልባችን ይደነግጣል፤ መሣሪያው ግን እንደገና ይነሣል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የተማርነው፥ ገንዘብ ያነሰው ሰው ከባለጠጋው ይልቅ እያንዳንዱን ክፍል ማወቅ እንዳለበት ነው። ባለጠጋ ቢሳሳት ሌላ ይገዛል፤ ድኻ ግን ከመግዛቱ በፊት የትኛው ምድጃ፥ የትኛውም ድስት እንደ ሆነ መለየት አለበት። ከእኛ በኋላ ለምትመጡት የክበቡ አባሎች ባዶውን የራም ቦታ ትተንላችኋል፤ የተቃጠለውንም ፓወር ሰፕላይ እንድታዩት በክበቡ መደርደሪያ ላይ አኑረነዋል።