መሐል ሜዳ ላይ በቆሎ ቢዘራ

ስሙኝማ! አንድ ሰው ተነሥቶ «መሐል ሜዳ ላይ በቆሎ ልዝራ» ቢል ምን ትሉታላችሁ? ከ3000 ሜትር በላይ፣ ሰው ባና ደርቦ በሚያርስበት፣ የጓሳ ንፋስ በሚገርፈው የመንዝ ከተማ! የመንዝ አባቶች ይስቁበታል። «ልጄ፣ በቆሎ ካማረህ ወደ ቆላው ውረድ» ብለው ይሸኙታል። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ይህንኑ መልስ ዘር ሳይበትን፣ በሬ ሳይጠምድ፣ ቁጭ ብሎ ስለሚሰጥ ፕሮግራም ነው።

ነገሩ የተጠነሰሰው ከእኛ ርቆ ነው። በአሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ፣ ቴምፕል በምትባል ከተማ ጆ ሪቺ የሚባል ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በቆሎን ኮምፒውተር ውስጥ ማሳደግ ጀመረ። ከእነርሱም ጆንስና ኪኒሪ የሥራውን መጽሐፍ በ1986 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ፕሮግራሙንም ሴሬስ-ሜይዝ አሉት።

እንዴት ያሳድገዋል? በቆሎ ሙቀቱ ከ8 ዲግሪ ካላለፈ ንቅንቅ አይልም ብሎ ይነሣል። የቀኑ አማካይ ሙቀት 20 ከሆነ 8ቱ ይቀነስና 12 ይጻፍለታል፤ ልክ እንደ ቀን ሠራተኛ ሒሳብ። ድምሩ ሲሞላ ቡቃያው ይጎለምሳል፣ አበባ ያወጣል፣ ፀጉር ያበቅላል፣ ፍሬው ይጎመራል። በዚህ መሐል ቅጠሉ ስንት ፀሐይ እንደተቀበለ፣ ሥሩ ስንት ውኃ እንደሳበ፣ አፈሩ ስንት ናይትሮጅን እንደቀረው በየዕለቱ ይተሳሰባል። ዘሩም የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ አንዱ አገዳ ቢበዛ ስንት ፍሬ ይይዛል የሚለው ሳይቀር። መጨረሻ ላይ ምርቱ በሄክታር ይነገራል።

እስቲ ያንን ሰው ይዘን ፕሮግራሙ ፊት እናቁመው። አንድ ዘገምተኛ ዘር ፀጉር ካወጣ በኋላ ፍሬው እስኪጎመራ 800 ድምር ይፈልጋል እንበል። ሞቅ ባለው ባኮ ላይ፣ ቀኑ በአማካይ 20 ዲግሪ ቢሆን፣ በየቀኑ 12 ያገኛል፤ በ67 ቀን ገደማ ይጨርሳል። መሐል ሜዳ ላይ አማካዩ 12 ቢሆንስ? 8ቱ ተቀንሶ በቀን 4! 200 ቀን መጠበቅ ነው። ያውም የመጨረሻው ዕድሜ ብቻ ነው፤ ቡቃያነቱንና ጉልምስናውን ገና አልቆጠርንም። ውርጩ ደግሞ የማንንም ቀን አይጠብቅም፤ መስከረምን ተሻግሮ ሌሊቱ ሲጠራ መጥቶ ቅጠሉን ያቃጥለዋል።

ገብስስ? እዚህ ላይ ነው ወሬው የሚጣፍጠው። ገብስ የሚቆጠርለት ከዜሮ አካባቢ ጀምሮ ነው። በዚያው ቀን፣ በዚያው ማሳ፣ በቆሎው 4 ሲጻፍለት ገብሱ 12 ይጻፍለታል። ሦስት እጥፍ! መንዜ ገብስ ላይ ሙጭጭ ያለው ሌላ እህል ጠፍቶት እንዳይመስላችሁ። የአምቦ ተመራማሪዎችም ቢሆኑ ጅባትና ወንጪ የሚባሉ የደጋ በቆሎ ዝርያዎችን አውጥተው በቆሎን እስከ 2600 ሜትር ድረስ አድርሰውታል፤ መሐል ሜዳ ግን ከዚያም በላይ ናት።

ይህ የቁጥር እርሻ አገራችን ከገባ ቆይቷል። ክንዴ ተስፋዬ የተባለው ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ይህንኑ የበቆሎ ፕሮግራም ይዞ የአየር ንብረት ለውጥ ከሰሃራ በታች ያለውን በቆሎ ምን እንደሚያደርገው አስልቷል። ከዚያ በፊት ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. የዓለም ምግብ ፕሮግራም የኢትዮጵያን ዝናብ ኢንሹራንስ አስገባው። አዎ፣ ዝናቡን! አክሳ ሬ ለተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ 930 ሺህ ዶላር ተከፈለ፤ ድርቅ ከሆነ እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ሊመልስ። ድርቅ ነው አይደለም የሚለውን የሚፈርደው ደግሞ ሰብሉ ከሚያስፈልገው ውኃ ስንቱን አገኘ የሚል ሒሳብ ነበር። ሰብሉ ከ100 ይነሣል፤ ውኃ በጎደለበት ቁጥር ይቀነስበታል፤ ከ50 ከወረደ ጠፋ ይባላል። በዚያ ዓመት ሰማዩ ደግ ሆነና ኩባንያው ሳይከፍል ቀረ። እንዲህ ያለ ኪሳራ ይብዛልን! ሒሳቡ ግን አልተጣለም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሊፕ የሚባል የመንግሥት የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሶፍትዌር ሆነ።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ያ የዝናብ ኢንሹራንስ ውል የቆመው በ26 የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች ላይ ነበር። ለዚህ ሁሉ አገር 26! ከመሐል ሜዳ ተነሥታችሁ ወደ መርሐቤቴ ብትወርዱ ጀማ ወንዝ ሳትደርሱ ባናውን ታወልቃላችሁ። አንድ ጣቢያ ለደጋውም ለቆላውም ቢመሰክር ፕሮግራሙ ደጋ ላይ በቆሎ ያፈራል፣ ቆላ ላይ ገብስ ያሸታል። ሐሰት ቢቀበል ሐሰቱን በነጥብ ለይቶ ይመልሳል፤ ሞኙ ደግሞ ነጥቡን አይቶ ያምነዋል።

ስለዚህ በቆሎውን ለባኮ እንተውለትና እኛ ገብሱን እንጠይቅ። ፕሮግራሙ የገብስ ወንድም አለውና። የበልግ ዝናብ ሳምንት ቢዘገይ ይዘራ ወይስ ለመኸር ይቆይ? ውርጩ ከመምጣቱ በፊት የሚደርሰው የትኛው ዘር ነው? ይህን ለመመለስ የየማሳውን ዝናብና የሌሊቱን ብርድ በየቀኑ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። የበልግን ጠባይ ከአባቱ የተማረ ገበሬ መሐል ሜዳ ላይ ሞልቷል፤ ቴርሞሜትርና ደብተር ይሰጠው።